ጠረን፣ ኒካሕና ሁለት ሌሊት የተለበሰ ካናቴራ



በረዶው ገና ሳይቀልጥ ነው፤ የአክስቴ ልጅ ለትዳር የጠየቃትን ሰው "አይሆንልኝም" ብላ መለሰችው። ልጁ እዚሁ ቶሮንቶ ይኖራል፣ ይሰግዳል፣ ጥሩ ሥራ አለው፣ ቤተሰቡም የሚታወቅ ነው። ወንድሟ ባለበት ሁለት ጊዜ ተቀምጠው ተነጋግረዋል። በሁለተኛው ቀን ማታ ቤት ገብታ ጃኬቷን ሳታወልቅ "ጠረኑ አልተስማማኝም" አለች።

ቤቱ ተናወጠ። አክስቴ "ውሃ አለ፣ ሳሙና አለ፣ ሽቶ አለ፤ ይሄ ደግሞ ምክንያት ነው?" አለች። አጎቶች ከአዲስ አበባ ደወሉ። እኔም፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ከትልልቆቹ ጋር ወገንኩ። "የሚሰግድ ሰው እየለመንን የመጣውን በሽታ ትመልሺዋለሽ?" አልኳት። እሷም ስልኳን አውጥታ አንድ ጽሑፍ አሳየችኝ። ሴት ልጅ በጂን የማይገጥማትን ወንድ በአፍንጫዋ ታውቃለች ይላል። "እታለም፣ አንቺ ነርስ አይደለሽ እንዴ? ሳይንሱ እኮ ነው የሚለው" አለችኝ። ሳቅኩባትና ወጣሁ።

በዚያ ሳቅ አፈርኩ፤ ይህን ያስጻፈኝም እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ በሌሊት ሥራ መካከል ባገኘኋት ክፍት ሰዓት ሁሉ ስለዚህ ነገር ሳነብ ከረምኩ። ነገሩ እሷም ሆነች እኔ ከገመትነው በጣም የቆየ ታሪክ አለው።

መጀመሪያ ቋንቋችንን እንይ። አማርኛ ሽታን፣ መዓዛንና ጠረንን ለይቶ ያስቀምጣል። ሽታ ከምንም ነገር ይወጣል፤ ከወጥም፣ ከቆሻሻም። መዓዛ ደስ የሚል ነው። ጠረን ግን የአንድ ሰው የራሱ ነው። ሕፃን የእናቱን ጠረን ይለምዳል እንላለን እንጂ የእናቱን ሽታ ይለምዳል አንልም። የአክስቴ ልጅ "ይሸታል" አላለችም፤ "ጠረኑ" ነው ያለችው። እኛ ግን የሰማነው "ይሸታል" ብላ እንደተናገረች ነው። ልጁን የሰደበች መስሎን ተቆጣን።

ሁለተኛው ነገር፣ ጠረን በእኛ ታሪክ ውስጥ አሳፋሪ ወሬ ሆኖ አያውቅም። ነቢዩ ያዕቆብ (ዐ.ሰ.) የልጃቸውን የዩሱፍን (ዐ.ሰ.) ጠረን ከሩቅ ሲያገኙ፣ ዓይናቸውም በዩሱፍ ቀሚስ ሲበራ በሱረቱ ዩሱፍ እናነባለን። መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ.) ቤታቸው ሲገቡ መጀመሪያ የሚያደርጉት አፋቸውን በሲዋክ ማጽዳት እንደነበረ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ተናግራለች። ሽቶ ይወዱ ነበር፤ ከእሳቸው መጥፎ ሽታ መገኘቱን ደግሞ አጥብቀው ይጠሉ ነበር። በሱረቱ አት-ተሕሪም መጀመሪያ ላይ የተጠቀሰውን የማሩን ታሪክ የምታውቁ እህቶች ታስታውሳላችሁ፤ ነገሩ የተነሳው ከሚስቶቻቸው መካከል "የመጋፊር ሽታ አገኘሁብህ" ከሚል ቃል ነው። መጋፊር ጣፋጭ ግን ሽታው የሚከብድ የዛፍ ሙጫ ነው። የጁምዓ ትጥበትም እንዴት እንደመጣ ዓኢሻ ስትናገር፣ ሰዎች ከእርሻ ሥራ በላባቸውና በአቧራቸው ይመጡ እንደነበር ትገልጻለች።

ወደ ትዳር ስንመጣ አንዲት ሴት በተለይ ትገርመኛለች፤ የአነስ ኢብኑ ማሊክ እናት ኡሙ ሱለይም (ረ.ዐ.)። ኢማም አሕመድ በሙስነዳቸው ባሰፈሩት አንድ ዘገባ፣ መልእክተኛው አንዲትን ሴት ለትዳር እንድታይ ኡሙ ሱለይምን ልከዋታል፤ እግሯን እንድትመለከትና የአፏን ጠረን እንድታሸት። ሰንሰለቱ ላይ የሐዲስ ሊቃውንት አልተስማሙም፤ አል-ሓኪም ትክክለኛ ነው ሲሉ ሌሎች አድክመውታል። ስለዚህ እንደ ሕግ አላቀርበውም። እንደ ታሪክ ግን፣ የምትታመን ሴት ሄዳ የምታገባውን ልጅ ጠረን ማወቋ በዚያ ዘመን የማያስደነግጥ ነገር እንደነበር ያሳየናል። ኋላ ላይም የሐንበሊ ፉቀሃዎች ከባድ የአፍ ሽታ ኒካሕን ለማፍረስ ምክንያት ይሆናል ወይስ አይሆንም ብለው ተከራክረዋል። የአክስቴን ልጅ "ሰበብ ፈለግሽ" ስንላት፣ እነዚያ ሊቃውንት ጉዳዩን በመጽሐፍ ደረጃ ተወያይተውበት ነበር!

ኡሙ ሱለይም ደግሞ ማን ናት? አቡ ጦልሓ ገና ሳይሰልም ሲጠይቃት፣ መህሬ እስልምናህ ነው ያለችው ሴት ናት። በሃይማኖት ባል የመረጠች ሴት ማለት ነው። ይህችው ሴት መልእክተኛው ቤቷ ተኝተው ሲያልባቸው ላባቸውን በጠርሙስ ሰብስባ ከሽቶዋ ጋር ትቀላቅል እንደነበር በሶሒሕ ዘገባ ተመዝግቧል። ልጇ አነስም ሲሞት ከዚያ ሽቶ በከፈኑ ላይ እንዲደረግለት ተናዟል። ዲን የሚመርጥ ሰው አፍንጫውን ይዘጋል የሚለውን ሐሳብ ከየት እንዳመጣነው እንጃ፤ ከኡሙ ሱለይም ግን አይደለም።

አሁን ወደ እናቶቻችን አገር እንምጣ። ወሎ ያደጋችሁ ወይባ ጢስን ታውቁታላችሁ። መሬት ውስጥ ትንሽ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ፍም ይደረግበታል፣ ከላዩ የወይባ እንጨት ይጨመራል። ሴቲቱ በዙሪያው በብርድ ልብስ ወይም በጋቢ ተሸፋፍና ጭንቅላቷን ብቻ አውጥታ ትቀመጣለች። ላቧ ይወርዳል፣ ቆዳዋ ይለሰልሳል፣ ቀለሟም ወደ ቢጫነት ይወስዳታል። ለሙሽራ ቀናት ያህል ይደጋገምላታል፤ አራስም ትሞቀዋለች። እጅና እግር በእንሶስላ ይቀላል፣ ፀጉር በአደስ የተነጠረ ቅቤ ይቀባል። እናቴ ስታገባ የሞቀችው ጢስ ከቀሚሷ ውስጥ ለብዙ ጊዜ አልወጣም ነበር ትላለች፤ ይህን ስትናገር አሁንም ፊቷ ይለወጣል። ሱዳኖች ይህንኑ "ዱኻን" ይሉታል፣ በጠልሕ እንጨት ይሠሩታል። የሶማሌ ሴቶች ደግሞ "ኡንሲ" የሚሉትን የዕጣን ድብልቅ በመጨሻ አጭሰው ልብሳቸውንና ቤታቸውን ያጥናሉ።

እዚህ ላይ እንደ ነርስ አንድ ቃል ጣል ላድርግ፤ ከአርእስቱ ብወጣም ይቅርታ። አፓርትመንት ውስጥ ከሰል አቀጣጥላችሁ ወይባ አትሙቁ! ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ አፍንጫችን ምንም አይነግረንም፣ ሰው ግን ይገድላል። እኔ ራሴ ከወለድኩ በኋላ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ትንሽ ልሞክር ብዬ የጢስ ማስጠንቀቂያው ጮኾ ሕንፃው በሙሉ በፒጃማ ደረጃ ወርዷል። አልሐምዱሊላህ ጮኸ።

ያ ሁሉ ጢስ ለምን ነበር? ሰውየው ሙሽራይቱን ከኒካሕ በፊት አይቀርባትም፤ ስለዚህ ጢሱ ለመመረጥ አልነበረም። ለኑሮ ነበር። ባልና ሚስት በአንድ ቤት ጠረን እንዲተዋወቁ፣ ሙሽሪት ከእናቷ ቤት ወጥታ የራሷን ቤት ጠረን ይዛ እንድትገባ። ምርጫው በሌላ መንገድ ይሄድ ነበር፤ በሽማግሌ፣ በዘር ቆጠራ፣ "የማን ልጅ ነው?" በሚል ጥያቄ። በአማራ አገር ሰባት ቤት መቁጠር የታወቀ ነው። በሸሪዓችን የአጎት ልጅ ማግባት የተፈቀደ ቢሆንም፣ በእኔ ወገን ያሉ የወሎ ሙስሊም ሽማግሌዎች እስከ ሰባት ቤት ሳይቆጥሩ "ይሁን" አይሉም ነበር። አፋሮች ደግሞ በተቃራኒው በ"አብሱማ" ልማዳቸው የአክስትን ልጅ ያስቀድማሉ። ይህን ዘር ቆጠራ ያዙልኝ፤ ወደ ካናቴራው ስንደርስ እንመለስበታለን።

ከዚያ በፊት ስለ ዝባድ ትንሽ። አገራችን ለዓለም ሽቶ የሰጠችው ዕጣንና ከርቤ ብቻ አይደለም። ዝባድ ከጥርኝ የሚገኝ ቅባት ነው፤ ጥርኙ በቀፎ መሳይ ጠባብ ጎጆ ይታሰርና ከጅራቱ ሥር ካለው ከረጢት እየተጠረገ ይወሰዳል፣ በበሬ ቀንድ ታሽጎ ይሸጣል። በ19ኛው መቶ ዘመን በግቤ አገሮች፣ በተለይም በሊሙ እናርያ የሰቃ ገበያ፣ ዝባድ ከወርቅ፣ ከዝሆን ጥርስና፣ ያሳዝናል፣ ከባሪያ ጋር ተጭኖ በጀበርቲ ነጋዴዎች በጎንደር በኩል እስከ ምፅዋ ይጓዝ ነበር። ጥርኝ ማርባት ለረጅም ጊዜ በአብዛኛው የሙስሊሞች ሥራ ሆኖ ቆይቷል። ፓሪስ ውስጥ በ1921 የወጣው ሻኔል ቁጥር 5 እንኳ ዝባድ ነበረበት። ኩባንያው በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ የእንስሳት ተቆርቋሪዎች በኢትዮጵያ የጥርኞቹን አያያዝ ካጋለጡ በኋላ፣ በሰው ሠራሽ መተካቱን አስታወቀ። እኔ ለጥርኞቹ ደስ ብሎኛል።

ዝባድን ያነሳሁት ግን ለሌላ ነው። ከቀንዱ ሲከፈት ሽታው አይቻልም፣ እንደ ሽንት ቤት ነው። በጣም ሲቀጥን ደግሞ ሞቅ ያለ፣ ቆዳ ላይ የሚቀር መዓዛ ይሆናል። የሰው ጠረንም እንዲሁ ነው፤ ያው ነገር በመጠኑና በሚያሸተው ሰው ይለወጣል። ላብ ራሱ ሲወጣ ሽታ የለውም። ከጉርምስና ጀምሮ በብብትና በጉያ ያሉ ልዩ ዕጢዎች የሚያወጡትን ቅባታማ ፈሳሽ በቆዳችን ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ሲበሉት ነው ጠረን የሚፈጠረው። ኤቢሲሲ11 የሚባል ጂን አለ፤ የአብዛኞቹ ምሥራቅ እስያውያን ዓይነት የብብት ሽታን በጣም ይቀንሳል፣ የጆሮ ኩካቸውንም ደረቅ ያደርገዋል። እኛ አፍሪካውያን ከሞላ ጎደል ሁላችንም እርጥብ ኩክና ሙሉ ጠረን ያለን ነን። ሥራ ቦታ ከኮሪያዊት ጓደኛዋ ጋር ራሷን እያወዳደረች የምትጨነቅ እህት ካለች፣ ይህ የንጽሕና ጉድለት አይደለም፤ ጂን ነው።

ያ ጭንቀት ራሱ ታሪክ አለው፤ ደግሞም የተሸጠልን ነው። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ኤድና መርፊ የምትባል የሲንሲናቲ ወጣት፣ ሐኪም አባቷ በቀዶ ሕክምና ጊዜ እጁ እንዳያልበው የሠራውን ፈሳሽ "ኦዶሮኖ" ብላ ለብብት መሸጥ ጀመረች። በ1919 የማስታወቂያ ሠራተኛው ጄምስ ዌብ ያንግ በአንድ ታዋቂ የሴቶች መጽሔት ላይ አዲስ ዓይነት ማስታወቂያ አወጣ። መልእክቱ ግልጽ ነበር፤ አንቺ አይታወቅሽም፣ ሰው ግን ያሸትሻል፣ ፍቅርም ትዳርም የሚያመልጥሽ በዚህ ነው። ወደ 200 የሚሆኑ አንባቢዎች ተሰድበናል ብለው ደንበኝነታቸውን ሰረዙ። ሽያጩ ግን በአንድ ዓመት 112 በመቶ አድጎ 417,000 ዶላር ደረሰ። ከዚያ በኋላ የአፍ መጉመጥመጫ ሻጮችም በዚያው መንገድ ሄዱ፤ ለሁልጊዜ ሚዜ ሆና ስለቀረች፣ ሙሽራ ስላልሆነች ልጅ የሚያወራ ማስታወቂያ ሠሩ። ሁሉም የሚያስፈራሩት ሴቷን ነበር። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) እኮ ሚስቴ እንድትዋብልኝ እንደምወድ እኔም ልዋብላት እወዳለሁ ይሉ ነበር።

አሁን ወደ ካናቴራው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከአይጥ ነው። በ1976 ኒው ዮርክ በሚገኘው ስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ማዕከል፣ ያማዛኪና ባልደረቦቻቸው ወንድ አይጦች ብዙ ጊዜ በአንድ የጂን ክልል ከራሳቸው የሚለዩ እንስቶችን እንደሚመርጡ አሳተሙ። ይህ ክልል በሰው ላይ ኤችኤልኤ ይባላል። ኩላሊት ወይም መቅኔ በሚተከልበት ክፍል የሠራችሁ ቃሉን በየቀኑ ትሰሙታላችሁ። ሴሎቻችን ላይ የተለጠፈ መታወቂያ ነው፤ ሰውነታችን የራሱን ከባዕድ የሚለየው በእሱ ነው። በ1958 ፈረንሳዊው ዣን ዶሴ የመጀመሪያውን ለየው፣ በ1980 ከሌሎች ሁለት ጋር ኖቤል ተሸለመበት። ግማሹን ከእናት፣ ግማሹን ከአባት እንወርሳለን። ወንድምና እህት ሙሉ በሙሉ የመግጠም ዕድላቸው ከአራት አንድ ነው። ለንቅለ ተከላ መመሳሰል ይፈለጋል፤ ለትዳር ግን ልዩነት ይሻላል የሚል ግምት መጣ። የተለያየ መታወቂያ ያላቸው ወላጆች ብዙ ዓይነት በሽታ የሚለይ ልጅ ይወልዳሉ፣ የቅርብ ዘመድም ከመጋባት ይጠበቃል። ሰባት ቤት እንደሚቆጥር አፍንጫ በሉት።

በ1995 ክላውስ ቬደኪንድ የተባለ የስዊዘርላንድ ተመራማሪ ይህንን በበርን ዩኒቨርሲቲ በሰው ሞከረው። 44 ወንድ ተማሪዎች እሑድና ሰኞ ሌሊት አንድ የጥጥ ካናቴራ ለብሰው ተኙ። ሽቶ፣ ሲጋራ፣ አልኮልና ቅመም የበዛበት ምግብ ተከልክሎባቸዋል። ከዚያ 49 ሴቶች እያንዳንዳቸው ስድስት ካናቴራ አሸተቱ፤ ሦስቱ በጂን የሚመስሏቸው፣ ሦስቱ የሚለዩአቸው ወንዶች የለበሱት። የወሊድ መከላከያ ክኒን የማይወስዱት ሴቶች የሚለዩአቸውን ወንዶች ጠረን የበለጠ ወደዱ። ክኒን የሚወስዱት ግን ተቃራኒውን። ዓለም አበደ። ጋዜጦች ጻፉ፣ ነጠላ ሰዎች የተኙበትን ካናቴራ በላስቲክ ይዘው የሚመጡባቸው ግብዣዎች ተዘጋጁ፣ በምራቅ ምርመራ የሚገጥምሽን እናገኝልሻለን የሚሉ ድርጅቶች ተከፈቱ። የአክስቴ ልጅ ስልክ ላይ የነበረው ጽሑፍም የዚህ ልጅ ልጅ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ጽሑፉ አልነገራትም። በ1997 የቺካጎዋ ተመራማሪ ካሮል ኦበር 411 የሁተራይት ጥንዶችን አጠናች። ሁተራይቶች በ16ኛው መቶ ዘመን መካከለኛው አውሮፓ ውስጥ የተነሱ፣ በ1870ዎቹ ወደ ዳኮታ የተሰደዱ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ብዙዎቹ ወደ ካናዳ የተሻገሩ፣ እርስ በርስ ብቻ የሚጋቡ ክርስቲያኖች ናቸው፤ ዛሬ አብዛኞቹ በማኒቶባ፣ በሳስካችዋንና በአልበርታ ይኖራሉ። ኦበር ያጠናቻቸው በደቡብ ዳኮታ ያሉትን ነው። የሚመሳሰል ኤችኤልኤ ያላቸው ባልና ሚስት ከሚጠበቀው ያነሱ ሆነው አገኘቻቸው። እሰየው፣ የካናቴራው ግምት ተረጋገጠ! በዚያው ዓመት ግን ሌሎች ተመራማሪዎች በደቡብ አሜሪካ ነባር ሕዝቦች 194 ጥንዶችን አይተው ምንም ልዩነት አጡ። በ2002 ደግሞ ኦበር ራሷ የተሳተፈችበት የካናቴራ ጥናት፣ ሴቶች ከአባታቸው ከወረሱት ጋር በመጠኑ የሚመሳሰል ጠረን እንደሚመርጡ አሳየ። ሙሉ ባዕድን ሳይሆን የአባት ቤት የሚሸተውን! በ2008 የወጣ ጥናት በዩታ አሜሪካውያን ላይ ያየውን በናይጄሪያ ዮሩባዎች ላይ አላገኘም። በ2020 ደግሞ የእነዚህን ሁሉ ጥናቶች ውጤት አንድ ላይ ደምረው የመረመሩ ተመራማሪዎች፣ ኤችኤልኤ በጠረን ምርጫም ሆነ በትዳር ላይ ያለው ተጽዕኖ ከዜሮ ብዙም የማይርቅ መሆኑን አሳተሙ።

ስለዚህ የ1995ቱን ርዕስ አንብባ ክኒኗን ያቋረጠች፣ ወይም "ባሌን የመረጥኩት በክኒን ተታልዬ ነው" ብላ የምትጨነቅ እህት ካለች፣ እባክሽ ተዪው። "ፌሮሞን አለበት" ተብሎ የሚሸጥ ሽቶም ገንዘብ ማባከን ነው፤ በሰው ላይ የተረጋገጠ ፌሮሞን እስካሁን አልተገኘም።

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ "አየሽ፣ ልክ ነበርኩ" ብዬ ለአክስቴ ልጅ ልደውልላት ነበር። ያቆመችኝ አንዲት ነርስ ናት።

ጆይ ሚልን የስኮትላንድ ጡረተኛ ነርስ ናት። ባሏ ሌስ ሐኪም ነበር፤ የተዋወቁት በልጅነት ነው፣ ጠረኑን ያኔ ጀምራ ወዳለታለች። በሠላሳዎቹ ዕድሜ ሳሉ ጠረኑ ተለወጠባት፤ እንደ እርሾ ያለ፣ ከበድ ያለ ነገር። ታጠብ አለችው፣ በደንብ አትታጠብም ብላ ነዘነዘችው፣ እሱም ተቆጣ። ከ12 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ45 ዓመቱ፣ ፓርኪንሰን እንዳለበት ታወቀ። ከዚያም ለበሽታው ሰዎች በተዘጋጀ ስብሰባ ስትገባ፣ ያ የባሏ ጠረን በክፍሉ ሁሉ ነበር። የኤዲንብራው ተመራማሪ ቲሎ ኩናት አሥራ ሁለት ካናቴራ አዘጋጀላት፤ ስድስቱ የሕሙማን፣ ስድስቱ የጤነኞች። ስድስቱን ሕሙማን በትክክል ለየች፤ ከጤነኞቹም አንዱን "ይህም አለበት" አለች። ስህተት ተባለ። ያ ሰው ከስምንት ወር በኋላ ፓርኪንሰን እንዳለበት ተነገረው። ሌስ በ2015 ሞተ። በ2019 የማንቸስተር ተመራማሪዎች በሕሙማኑ የቆዳ ቅባት ውስጥ ከዚህ ሽታ ጋር የሚያያዙ ኬሚካሎችን ለይተው አሳተሙ። ጆይም በጥናቱ ተሳትፋለች።

ይህን ያነበብኩት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። እኛም ሥራ ላይ እንደምናደርገው መጣልኝ። ስኳሩ ከፍ ያለበትን ሕመምተኛ እንደበሰበሰ ፍሬ የሚሸት ትንፋሹ ከማሽኑ ቀድሞ ይነግረናል፣ ጉበቱ የደከመውንም እንዲሁ። የድድ በሽታ፣ የቶንሲል ጠጠር፣ የሳይነስ ኢንፌክሽን ሁሉም ሽታ አላቸው፣ አብዛኛውም ይታከማል። በሆስፒታል የማምነውን አፍንጫ፣ ቤት ውስጥ አንዲት ልጅ ስትጠቀምበት ሳቅኩባት። እሷ የሰጠችው ምክንያት ስህተት ነበር፤ ጂን አላሸተተችም። ግን አንድ ነገር አሽትታለች። ከዚያ ሰው ጋር አንድ ትራስ ላይ የምትተኛው እሷ እንጂ እኔ አይደለሁም፣ አጎቶቼም አይደሉም።

ደወልኩላትና አውፍ በይኝ አልኳት። ስለ ልጁ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋት፤ የአፍ ነው ወይስ የሰውነት? ትንሽ ዝም ብላ "የአፍ" አለች። ያኔ ወንድሟ በኩል፣ ማንም ሳይሰማ፣ ሰውየው የጥርስ ሐኪም እንዲያይ እንዲነገረው ተመካከርን። ወንድሟ ከጁምዓ በኋላ ዳንፎርዝ ላይ ቡና ጋብዞት እንደ ራሱ ጉዳይ አድርጎ አወራለት፤ ወንዶች ሲፈልጉ ጥበብ አላቸው። ልጁ ሄዷል አሉ፤ ድዱ ታሞ ኖሯል። ወደ እሷ ተመልሶ አልጠየቀም፣ እሷም አልጠበቀችውም። ሌላ ቦታ ኒካሕ እንዳሰረ በቀደም ሰማን። አላህ ባረካ ያድርግላቸው።

ለእሷ አሁን ሌላ ሰው መጥቷል፤ ከኦታዋ ነው። እናቴ ከኮምቦልቻ ደውላ ስለ ሥራው ሳትጠይቅ፣ ስለ ቤተሰቡም ሳትጠይቅ፣ "ጠረኑስ?" አለቻት። የአክስቴ ልጅ ከት ብላ ስቃ ስልኩን ለእኔ አቀበለችኝ።